የእኔን ዝውውርስ ማን ይከራከርበት?

እንደ እኔ ቀን ቢሮ፣ ማታ ማጀት የምትውሉ እናቶች፤ «ዝውውር» የሚለውን ቃል ስትሰሙ አስቀድሞ ወደ ሐሳባችሁ የሚመጣው ምንድን ነው? በመሥሪያ ቤት ለኖርን ሰዎች ቃሉ የሚያስታውሰን ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ፣ የታሰረ ሻንጣና ከትምህርት ቤት የሚወጣ የልጅ መልቀቂያ ነው። በእኔ ቤት ግን ዝውውር ሌላ ትርጉም ነበረው። ባለቤቴና ትልቁ ልጄ «ዛሬ የዝውውር ወሬ አለ» ካሉ ነገሩ የኳስ ተጫዋች ጉዳይ ነው። እኔም ለብዙ ዓመታት ይህን ወሬ እንደ ዝናብ ድምፅ ከበስተጀርባ እየሰማሁ ሽንኩርቴን እከትፍ ነበር። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት የእነሱ ዝውውርና የእኔ ዝውውር በአንድ ሰሞን በአንድ ቤት የተገናኙበትን ታሪክ ነው።

ባለቤቴ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ነው፤ ልጄ ደግሞ የአርሴናል። በአንድ ጣራ ሥር ሁለት ክለብ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ለማታውቁት ግን፣ ቅዳሜ ማታ ከሁለቱ አንዱ እራት የማይበላበት ቤት ነው ብላችሁ አስቡት። በነሐሴ ወር 2004 ዓ.ም. አርሴናል አምበሉንና ዋና አጥቂውን ሮቢን ቫን ፐርሲን ለማንቸስተር ዩናይትድ በሸጠ ጊዜ ልጄ ገና የ8 ዓመት ሕፃን ነበር። ማሊያውን እንደ ለበሰ አልጋ ሥር ገብቶ አለቀሰ። አባቱ ሳቀበት። እኔም እያባበልኩ መስሎኝ «ለፈረንጅ ኳስ ደግሞ ይለቀሳል?» አልኩት። በዚያው የውድድር ዘመን ቫን ፐርሲ 26 ግቦች አስቆጥሮ ማንቸስተር ዩናይትድ ለ20ኛ ጊዜ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሲሆን፣ ልጄ ያቺን ቁስል እንደ ቋጠሮ ይዟት አደገ። ዛሬ ሳስበው ያፍርኩበት ነገር ቢኖር ያ ንግግሬ ነው። ልጅ የሚያለቅሰው ስለ ኳስ አልነበረም። የሚወደው ሰው ትቶት ወደ አባቱ ቡድን በመሄዱ ነበር።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ጊዜው ጥር 2010 ዓ.ም.፣ የጥምቀት ሰሞን ነው። ልጄ 14 ዓመት ሊሞላው ነው፤ 8ኛ ክፍል ነው፤ ሰኔ ላይ ፈተና ይጠብቀዋል። ታናሽ እህቱ የ10 ዓመት ልጅ ናት። የባለቤቴ አባትም ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። እኔም ልጆቹም «አባባ» ነው የምንላቸው። ታዲያ በዚያ ሰሞን ሁለቱ የእንግሊዝ ክለቦች ሰው በሰው ሊለዋወጡ ነው የሚል ወሬ ተነሣ። የአርሴናሉ ቺሊያዊ አጥቂ አሌክሲስ ሳንቼዝ ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ፣ የማንቸስተሩ አርመናዊ አማካይ ሄንሪክ ምኪታሪያን ወደ አርሴናል። የአባት ቡድንና የልጅ ቡድን! ቤታችን ምን እንደ ሆነ ለመገመት አያዳግታችሁም።

ከቃና ዘገሊላ ማታ ጀምሮ ክርክሩ ጦፈ። ባለቤቴ ሶፋው ላይ፣ ልጄ ምንጣፉ ላይ፣ አባባ መስኮቱ ሥር፣ እኔ ረከቦቱ አጠገብ ነበርን።

«የሚፈልግህን ሰው ለጠላት አሳልፎ የሚሰጥ ክለብ ምን ክለብ ነው?» ይላል ባለቤቴ ሊያናድደው።

«አባዬ፣ ውሉ እኮ ስድስት ወር ነው የቀረው! ሰኔ ላይ በነፃ መሄዱ ነው። በነፃ ከሚሄድ በእሱ ምትክ ሰው መቀበል አይሻልም?» ይላል ልጁ።

«ሳንቼዝ የሚሄደው ማሸነፍ ስለሚፈልግ ነው።»

«ማንቸስተር ሲቲም ፈልጎት ነበር። ወደናንተ የመጣው ደመወዙን አይቶ ነው።»

እኔ ስኒ እያጠብኩ «ለመሆኑ ሰው በነፃ ይሄዳል ማለት ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ልጄ ዘወር ብሎ አየኝ። ስለ ኳስ ጠይቄው አላውቅም ነበርና ደስታው ከፊቱ ይነበብ ነበር። ከዚያም እንደ አስተማሪ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ዦን ማርክ ቦስማን የሚባል ቤልጂጋዊ ተጫዋች ነበረ። ውሉ አልቆ ወደ ፈረንሳይ ክለብ ልሂድ ሲል የቀድሞ ክለቡ ገንዘብ ካልተከፈለኝ አለቅህም አለው። እሱም ከሰሰ። ነገሩ እስከ አውሮፓ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1995 ተፈረደለት። ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ ውሉን የጨረሰ ተጫዋች ያለ ምንም ክፍያ ወደ ፈለገው ክለብ መሄድ ይችላል። ክለቦችም የተጫዋቹ ውል ሳያልቅ ወይ ያድሱለታል፣ ወይ ይሸጡታል፣ ወይ እንደዚህ ይለውጡታል። «ስለዚህ እማዬ፣ ሠራተኛው ነው ያሸነፈው» አለኝ። በ14 ዓመቱ የሥራ ውል ምን እንደሆነ እኔ በሠራተኛነት ዘመኔ ከተረዳሁት ይልቅ አጥርቶ ሲነግረኝ ገረመኝ።

አባባ ጨዋታውን ሲሰሙ ቆይተው ገቡበት። እርሳቸው የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ ናቸው። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ስታዲየም ከነበሩት አንዱ ናቸው፤ ይህንንም ሳይናገሩ የዋሉበት ዓመት በዓል የለም። «በእኛ ዘመን ሰው እንደ በሬ አይለወጥም ነበር» አሉ። «ይድነቃቸው ተሰማ ለጊዮርጊስ 23 ዓመት ተጫወተ። አንድ ማሊያ፣ አንድ ክለብ!» ምኪታሪያን አርመናዊ መሆኑን ሲሰሙ ግን ፊታቸው ፈታ አለ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ስላመጧቸው የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ ሙዚቃ ስላስተማሩን ስለ «አርባ ልጆች»፣ አዲስ አበባ ውስጥ አራራት የሚባል የአርመኖች የኳስ ቡድን እንደነበረ አወጉን። «አርመን ከሆነ ልጄ፣ ተቀበለው። እነሱ ሰዎች ሥራ ያውቃሉ» ብለው ለልጅ ልጃቸው ፈረዱለት። ባለቤቴ በአባቱ ተሸንፎ ሲስቅ ቤቱ ሁሉ ሳቀ።

በዚህ ሁሉ ሳቅ መካከል አንድ ነገር ነበረ። እኔ ቦርሳ ውስጥ፣ ከጥር 9 ጀምሮ፣ ለማንም ያላሳየሁት ደብዳቤ።

ከመሥሪያ ቤቴ የተጻፈ ደብዳቤ ነው። በአዳማ ቅርንጫፍ የሒሳብ ክፍል ኀላፊ ሆኜ በደረጃ እድገት እንድዛወር የተመረጥኩ መሆኔን ይገልጻል። በ10 ቀን ውስጥ መልሴን በጽሑፍ እንዳሳውቅም ይጠይቃል። ደብዳቤውን በተቀበልኩበት ቀን መጸዳጃ ቤት ገብቼ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ደስታም ነበረ፣ ፍርሃትም ነበረ። ማታ ቤት ስደርስ ግን ጎመን ቀረደድኩ እንጂ ትንፍሽ አላልኩም።

ለምን? ብላችሁ ብትጠይቁኝ በዚያን ጊዜ የምሰጣችሁ መልስ «ማን ይሰማኛል?» የሚል ነበር። ዳሩ ግን እውነቱ ሌላ ነው። በ2001 ዓ.ም. ከመሥሪያ ቤቴ የስድስት ወር ሥልጠና ቀርቦልኝ ነበር። ያን ጊዜ ሴት ልጄ ገና ዳዴ ትል ነበር። ለባለቤቴ ሳልነግረው፣ ሳላማክረው፣ እምቢ እንደሚል በልቤ ወስኜ «አልችልም» ብዬ ፈረምኩ። ዕድሉን ያገኘችው ባልደረባዬ ሠልጥና ስትመለስ አለቃዬ ሆነች። እኔም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ባለቤቴን ተቀየምኩት። ሰውየው ስለ ምን እንደ ተቀየምኩት እንኳ አያውቅም። ሳይከሰስ ፈረድኩበት ማለት ነው። እህቶቼ፣ ይህን ስጽፍ አለማፈሬ አይደለም። ግን ከመካከላችሁ እንዲህ ያለ የዝምታ ፍርድ በጓዳዋ የሸሸገች እንዳለች ስለማውቅ ነው።

ጥር 14 ቀን፣ ሰኞ ማታ፣ ዝውውሩ በይፋ ተነገረ። ቴሌቪዥኑ ሳንቼዝን ቀይ ማሊያ ለብሶ፣ ፒያኖ እየነካ አሳየን። ባለቤቴ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ልጄ ጥርሱን ነክሶ ዝም አለ። ሦስተኛው የክርክር ሌሊት ሊጀመር ሲል እኔ እንዲያው ነገር ለማለዘብ ብዬ «ይህ ሰውዬ ቤተሰብ የለውም? እንዲህ ካገር አገር ሲዞር ቤቱ ምን ይላል?» አልኩ።

«ስለ ቤተሰቡ አላውቅም። ሁለት ውሾች ግን አሉት» አለ ልጄ ወዲያው። «አንዱ አተም ይባላል፣ አንዱ ሀምበር።»

አተምና ሀምበር! የቺሊው ሰውዬ ውሾች ስም በእኔ ቤት ይታወቃል። ሳላስበው እጄ ላይ የያዝኩትን ጀበና አስቀመጥኩና «የእኔ የሥራ መደብስ ምን ይባላል?» ብዬ ጠየቅሁ።

ልጄ ግራ ገባው። «ያንቺ? ቢሮ ነዋ የምትሠሪው።»

«ቢሮ ውስጥ ምን?»

ወደ አባቱ አየ። ባለቤቴም «ሒሳብ ክፍል ናታ» አለ።

«ሒሳብ ክፍል ውስጥ ምን ነኝ?»

ማንም አልመለሰም። ቴሌቪዥኑ ብቻ ይናገር ነበር። በዚያ መሥሪያ ቤት 16 ዓመት ሠርቻለሁ። ተነሥቼ ቦርሳዬን አመጣሁና ደብዳቤውን ቆሜ አነበብኩላቸው። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጨርሼ «ይኸውላችሁ፣ የእኔም ዝውውር አለ። በዚህኛውስ ማን ይከራከርበት?» አልኩ።

አንባብያን ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ሁሉም አቅፎ ሳመኝ ብዬ ብጽፍላችሁ ውሸት ይሆናል። ባለቤቴ አስቀድሞ የተናገረው «ደብዳቤው ከረቡዕ ጀምሮ ቦርሳሽ ውስጥ ነበር?» የሚል ነው። ነበር አልኩት። «እኔ እዚህ ስለ ሳንቼዝ ስለፈልፍ አንቺ ዝም ብለሽ ታዪኝ ነበር?» አለ። ተቆጥቷል ብዬ ነበር፤ ኋላ ሳየው ግን ተከፍቷል። ቀጥሎ ሒሳቡን አነሣ። የደመወዝ ጭማሪው በወር 2,400 ብር ነው። አዳማ ላይ አንድ ክፍል ቤት ብከራይ 1,500 ይሄዳል። በየሳምንቱ ለመመላለስ በወር 400 ብር መሳፈሪያ ያስፈልጋል። «500 ብር ነው የሚቀርሽ። ለ500 ብር ቤት ይበተናል?»

ሒሳቡ ልክ ነው። የሒሳብ ሰው ነኝና ልክ አይደለም ልል አልቻልኩም። ነገር ግን እሱ የቆጠረው የዘንድሮውን ብቻ ነበር። ደረጃው ከኔ ጋር እንደሚቀር፣ ቀጣዩ እድገት ከዚያ ላይ እንደሚጀምር፣ ጡረታም የሚታሰበው በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ እንደሆነ አስረዳሁት። ያኔ ልጄ ጣልቃ ገባ። «አባዬ፣ ተጫዋች ሲገዛ የዘንድሮ ግብ ብቻ አይደለም እኮ የሚታየው። አንተ ራስህ ነህ ያልከው» አለ። ለሦስት ቀን ሲሟገተው የሰነበተው ልጅ የአባቱን መከራከሪያ አንሥቶ ለእኔ ተከራከረልኝ።

ከዚያም የደብተር ገጽ ቀደደና «እማዬ፣ አንቺ ብትሄጂ በምን በምን ቦታ ተተኪ እንደምንፈልግ እንወቅ። የምትሠሪውን ሁሉ ንገሪኝ» አለ። ጀመርኩ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነሥቶ ምሳ ዕቃ መቋጠር። በሳምንት ሁለት ቀን እንጀራ መጋገር። የበርበሬና የሽሮ ዝግጅት። የልብስ አጠባ። የትንሿን ፀጉር መሥራት። ለወንዱ ሒሳብ ማስጠናት። የአባባን የደም ግፊት መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት። የውኃና የመብራት ክፍያ። የዕድር መዋጮ፣ ለቅሶ መድረስ፣ የታመመ መጠየቅ። የትምህርት ቤት ስብሰባ። እሱ ይጽፋል፣ እኔ እናገራለሁ። 23 ላይ ስንደርስ ቀና ብሎ «እማዬ፣ አንድ ቡድን እንኳ ሜዳ የሚገባው በ11 ሰው ነው» አለ። ማንም አልሳቀም። ባለቤቴ ወረቀቱን ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ከዚያ ብዕሩን ወሰደና የእሱን ሥራ በሌላ በኩል ሊጽፍ ጀመረ። አራተኛው ላይ ቆመ።

በዚያ ዝምታ ውስጥ የተናገሩት አባባ ናቸው። ድምፃቸው እንደ ቅድሙ የጨዋታ አልነበረም። «እኔ ከባቡር ሥራ ወደ ድሬዳዋ ስዛወር ማንም አልተከራከረም» አሉ። «ደብዳቤ መጣ፣ ሄድኩ። እናትህ ዕቃዋን ጠቅልላ ተከተለችኝ። ያን ጊዜ የማታ ትምህርት ጀምራ 7ኛ ክፍል ደርሳ ነበር። ድሬዳዋ ስንገባ ቤት ማደራጀቱ፣ አንተም መወለድህ፣ ሌላም ሌላም መጣና ከዚያ ወዲያ ደብተር አልያዘችም። አንድ ቀንም አልጠየቅኋትም። እሷም አልነገረችኝም።» ባለቤቴ ይህን ሰምቶ አያውቅም ነበር። እናቱ ካረፉ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። አንገቱን ደፍቶ ቆየና በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረ። «አንድ ዓመት እንሞክረው» አለ።

«በውሰት!» አለ ልጄ። በኳስ ቋንቋ ተጫዋች ለተወሰነ ጊዜ ወደ ሌላ ክለብ ሲሄድ እንደዚያ ይባላል። እኔም ለመሥሪያ ቤቴ በጽሑፍ መልስ ስሰጥ፣ ምደባው ከአንድ ዓመት በኋላ እንዲታይልኝ ጠየቅሁ። ተፈቀደልኝ።

በመጋቢት መጀመሪያ አዳማ ገባሁ። የፍጥነት መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ ጉዞው አጭር ነው፤ ዓርብ ማታ ቤቴ ነኝ፣ ሰኞ ማለዳ መንገድ ላይ ነኝ። ዐቢይ ጾም መሆኑም ጠቀመን። ባለቤቴ ሽሮና ምስር ለመማር አራት ሳምንት ያህል አገኘ። የመጀመሪያው ሽሮው እንደ ድንጋይ የሚቆጠር ጓል ነበረበት አሉ። ሴት ልጄ አንድ ሳምንት ፀጉሯ ሳይሠራ ትምህርት ቤት ሄዳ ጎረቤታችን አይታ አዝናላት ሠርታላታለች። የጎረቤት ነገር! እሷ ባትኖር ኖሮ የእኛ ዝውውር በወሩ ይፈርስ ነበር።

ክፉ ቀንም አልጠፋም። በሚያዝያ አንድ ሌሊት ሴት ልጄ ትኩሳት ያዛት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ባለቤቴ አቅፏት ክሊኒክ ሲሮጥ እኔ አዳማ ላይ ስልክ ጨብጬ ግድግዳ አያለሁ። ያን ሌሊት ሥራውንም ኀላፊነቱንም ረገምኩ። ሲነጋ ትኩሳቷ በረደ፤ የእኔ የልብ ቃጠሎ ግን ሰነበተ። ልጄም የ8ኛ ክፍል ፈተናውን አለፈ እንጂ በሒሳብ ያመጣው ውጤት እኔ ከጎኑ ብሆን ከሚያመጣው ያነሰ ነው ብዬ ዛሬም አምናለሁ። ይህን የምነግራችሁ ዝውውር ዋጋ የለውም ብላችሁ እንዳታስቡ ነው። ዋጋው ይከፈላል። ጥያቄው ማን ብቻውን ይከፍለዋል የሚለው ነው። ከዚያ በፊት ከፋይዋ እኔ ነበርኩ፤ ያን ዓመት ግን አራት ሆነን ተካፈልነው።

ያተረፍነውም አለ። እኔ ስድስት ሠራተኞች እየመራሁ የዓመቱን ሒሳብ በጊዜው ዘጋሁ። ባለቤቴ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የወላጆች ስብሰባ ሄዶ፣ የሴት ልጁን የክፍል ኀላፊ ስም አውቆ መጣ። አባባ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ የሚያስታውሳቸው የልጅ ልጃቸው ሆነ። ዓርብ ማታ ስገባም «ሳምንቱ እንዴት ነበር?» ተብዬ እጠየቅ ጀመር። መጀመሪያ አካባቢ ምን ብዬ እንደምመልስ እንኳ ይጠፋኝ ነበር። ያልተጠየቀ ሰው መልስ ይረሳል።

አንድ ዓመት የተባለው ውሰት ወደ ዓመት ከመንፈቅ ተራዝሞ በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ከነደረጃዬ ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ። የሚገርማችሁ ነገር፣ በዚያው በነሐሴ ወር ሳንቼዝም ምኪታሪያንም ክለባቸውን ለቀቁ፤ ሁለቱም በውሰት፣ አንዱ ወደ ኢንተር ሚላን፣ ሌላው ወደ ሮማ። ሳንቼዝ ለማንቸስተር ዩናይትድ በ45 ጨዋታ ያስቆጠረው 5 ግብ ብቻ ነበር። ምኪታሪያንም በአርሴናል የተጠበቀውን ያህል አልሆነም። አርሴናል በ2011 ዓ.ም. ግንቦት በባኩ ከቼልሲ ጋር ለአውሮፓ ሊግ ዋንጫ ሲጫወት፣ አገሩ አርሜኒያና አዘርባጃን በነበራቸው ጠብ ምክንያት ለደኅንነቱ ሲባል ወደዚያ እንኳ አልተጓዘም። ባለቤቴና ልጄ ሦስት ሌሊት ሙሉ ማን አተረፈ፣ ማን ከሰረ ብለው ተሟግተው፣ በመጨረሻ ሁለቱም ተሸናፊ ሆነው ተያዩ።

ታሪኩ ግን በዚያ አላበቃም። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ልጄ ከሚማርበት ዩኒቨርሲቲ ስልክ ደወለ። አባባ በዚያን ጊዜ አርፈው ነበር። «እማዬ፣ ሰማሽ? ሳንቼዝና ምኪታሪያን በአንድ ቡድን፣ በኢንተር ሚላን፣ አብረው የጣሊያን ሻምፒዮን ሆኑ!» አለኝ። አንዱ በሌላው የተለወጠበት ሁለት ሰው ከስድስት ዓመት በኋላ አንድ ማሊያ ለብሰው አንድ ዋንጫ አነሡ ማለት ነው። «አባባ ይህን ቢሰሙ አርመኑን ሥራ ያውቃል አላልኳችሁም ወይ ይሉ ነበር» ብሎ ሳቀ። ከዚያም ስልኩን ሳይዘጋ «የሒሳብ ክፍሉስ እንዴት ነው? የበጀት መዝጊያው ተጀመረ?» አለኝ። የውሾቹን ስም ያውቅ የነበረው ልጅ የእኔን የሥራ ወቅትም ያውቃል። ስልኩን ስዘጋ እንባዬን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁ።

እንግዲህ ውድ እህቶቼ፣ ከዚህ ሁሉ ምን ላተርፍላችሁ እችላለሁ? አንደኛ፣ በቤታችሁ የኳስ ክርክር ካለ እንደ እኔ ከበስተጀርባ እየሰማችሁ አትናቁት። ልጅ ስለ ውል፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ታማኝነት፣ ስለ ሩቅ አገር ሰው ሁሉ የሚማርበት ሸንጎ ነውና ገብታችሁ ጠይቁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፤ ልጃችሁ ፊቱ እንዴት እንደሚበራ ታያላችሁ። ሁለተኛ፣ ክርክሩ ክርክር ሆኖ እንዲቀር ተጠንቀቁ። የስፖርት ውርርድ የሚባል ነገር አለ፤ በወሬ የተጀመረው ነገር በኪስ ገንዘብ፣ ከዚያም በትምህርት ቤት ክፍያ እንዳያልቅ ዓይናችሁን አትንቀሉ።

ሦስተኛውና ዋናው ግን ይህ ነው። ስለ ማያውቁት ሰው ዕድሜ፣ ጉዳት፣ ደመወዝና ፍላጎት ይህን ያህል ጠልቀው የሚያስቡ ሰዎች ስለ እናታቸውም ማሰብ አያቅታቸውም። እኔ አያስቡም ብዬ ስፈርድ የኖርኩት ጉዳዩን ከፊታቸው ሳላስቀምጥ ነበር። ደብዳቤያችሁን ቦርሳ ውስጥ አትደብቁ። አውጡና ቡና በተፈላበት፣ ሁሉም በተሰበሰበበት አንብቡት። ላይስማሙ ይችላሉ፤ ሒሳብ ሊያነሡባችሁ ይችላሉ፤ ምናልባትም እምቢ ይሏችኋል። ያም ቢሆን ያልተጠየቀ እምቢታን ለዘጠኝ ዓመት በሆድ ከመያዝ ይሻላል። የባለቤቴ እናት ያቺን የ7ኛ ክፍል ደብተር ሳይነግሩ አረፉ። እኔ ነገርኩ። በቤታችን ልዩነቱ ይኸው ነበር።